ቆራሌው የቀደመው ጥበብ

ለሠዓሊ ነፃ ማደሪያ፣ ነፃ ስቱዲዮና ጥቂት የኪስ ገንዘብ ሰጥተው «እስቲ ሥራ» ሲሉት «ሬዚደንሲ» ይባላል። የመጀመሪያው ሳምንት ለ«ምርምር» ነው፤ ማለትም ለማኪያቶ። በሁለተኛው ሠዓሊያችን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይወርድና የዛገ ቆርቆሮ፣ የተበሳ ጀሪካንና አንድ እግሩ የጎደለ በርጩማ ተከራክሮ ይገዛል። ቆራሌው ይህንኑ ዕቃ ሲሰበስብ ዝም ብሎ ጆንያውን ይሸከማል፤ ሠዓሊያችን ግን «ከቁሱ ጋር እየተነጋገርኩ ነው» ይላል።

በመዝጊያው ምሽት ዕቃው ሁሉ በሲባጎ ከጣሪያ ይንጠለጠላል፤ «ኢንስታሌሽን» ሆኗል። አጠገቡ የተለጠፈው ማብራሪያ ከሥራው ይረዝማል። እንግዳው ፈንዲሻውን እየቆረጠመ «ጥልቅ ነው» ይላል፤ ጥልቀቱን የለካ ግን የለም። ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ «ልጄ፣ ይሄ የሚጣል ነው የሚቀመጥ?» ብለው ይጠይቃሉ። አይፈረድባቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ለንደን ውስጥ አንድ የጽዳት ሠራተኛ የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የዴሚየን ሂርስትን ኢንስታሌሽን፣ ባዶ የቢራ ጠርሙሱንና የሲጋራ መተርኮሻውን፣ ቆሻሻ መስሎት ጠራርጎ ከረጢት ውስጥ ከቶታል።

ጥፋቱ የውዳቂው አይደለም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም የሚሠራው ከመርካቶ በሚገዛው የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ነው፤ እሱ ግን ባለቀለሙን ሽቦ እየጎነጎነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ያያይዘዋል፤ አንዱ ሥራ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ወዳጄ፣ ማብራሪያውን ቀንስና ላቡን ጨምር።