አዳኝና ጠቋሚ

ደሴ፣ ሸዋበር። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የጎረቤቱን ቆርቆሮ የጋረደበት ሰዓት ነው። ቤቱ የአያ ይመር ነው። ደሴና አዲስ አበባ መካከል ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ ሲመላለስበት ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የቀድሞ ረዳቱ ሰይድ ዛሬም በር ሥር ካልሆነ መቀመጥ አይሆንለትም። ዘነበች ቡና ታፈላለች። ልጃቸው ሰላም ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትማራለች። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሟ ለክረምት ሲመጣ ቡችላ ሊያመጣ ነውና፣ አባቱ ከሁለት ዝርያዎች አንዱን እንዲመርጥ ፎቶ ልኳል።

ይመር፦ እኔ ግራጫው ነው የማረከኝ። ዋይ... ዋይ ምን ነበር ያልሽው?

ሰላም፦ ዋይማራነር። የጀርመን ነው። ቀላ ያለው ደግሞ ቪዝላ፣ የሀንጋሪ። ሁለቱም የአደን ውሾች ናቸው።

ሰይድ፦ በ«ዋይ» የተጀመረ ነገር ፍጻሜው አያምርም፣ አያ ይመር።

ይመር፦ ጀርመን የሠራው ዕቃ አይበላሽም። ነዳጅ አበላሉስ?

ሰላም፦ ጀርመኑ እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ሀንጋሪው ከ30 ብዙም አያልፍ።

ይመር፦ አንዱ ኤንትሬ፣ አንዱ አይሱዙ በያ።

ሰላም፦ ሁለቱም አይሱዙ ናቸው፣ አባዬ። በየቀኑ እስከ ሁለት ሰዓት ካልሮጡ ቤት ያፈርሳሉ። በር ይቦጭቃሉ፣ ጫማ ያኝካሉ፣ ብቻቸውን ጥለሃቸው ስትወጣ ያላዝናሉ።

ዘነበች፦ እንዲህ ያለውንማ አንድ አሳድጌ ለጀርመን ሰጥቻለሁ።

ሰላም፦ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሃይዲ የምትባል ዋይማራነር ነበረችው። የዋይት ሀውስን ምንጣፍ አበላሽታ ወደ እርሻው ተሰደደች።

ዘነበች፦ (ምንጣፏን እያየች) እነሱስ እርሻ ነበራቸው። እኛ ወዴት እንስደዳት?

ሰይድ፦ ጃንሆይ ብልህ ናቸው። የሳቸዋ ሉሉ ሚጢጢ ነበረች፤ ታቀፋት ነው የሚባለው እንጂ ሩጥላት የሚል አልሰማሁም። ደግሞስ ደጅ የተኛው ውሻህ ቡሬ ምን ጎደለው?

ይመር፦ ቡሬማ ጅብ ሲጮኽ አልጋ ሥር ይገባል።

ሰይድ፦ ታዲያ ማን ብልጥ አደረገው? የፈረንጁ ግን ሊያባርር ወጥቶ ለጅቡ እራት ይሆናል።

ዘነበች፦ አዳኝ አዳኝ ስትሉ እኔ ነፍስ የሚያድን መስሎኝ ነበር። ለካ እሱንም አዳኝ ያስፈልገዋል!

ይመር፦ ሰይድ፣ አንተው አይደለህ እንዴ ለአደን ከሆነ ውሻ ይፈቀዳል ያልከኝ?

ሰይድ፦ ለአደን፣ ለከብት፣ ለእርሻ ነው ያልኩህ። ለወሬማ አላልኩም። ምን ልታድንበት ነው? ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድኩላ አጋጥሞህ ያውቃል?

ይመር፦ ጦሳ ላይ ቆቅ አለ።

ሰላም፦ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ደግሞም ቆቅ ቢያገኙ አይጮኹም፣ አይዙም። የፊት እግራቸውን አንዱን አጠፍ፣ ጅራታቸውን ቀጥ፣ አፍንጫቸውን ወደ ቆቁ ያደርጉና እንደ ሐውልት ይቆማሉ። ባለጠመንጃው እስኪደርስ ንቅንቅ የለም። ጠቋሚ ውሻ የሚባሉት ለዚያ ነው።

(የሰይድ ሲኒ ከሳህኑ ጋር ተጋጨ።)

ሰይድ፦ ምን? ጠቋሚ?

ሰላም፦ ሥራቸው ነው፣ ጋሼ ሰይድ።

ሰይድ፦ ያኔም ሥራችን ነው ይሉ ነበር! በቀይ ሽብር አንድ ጣት በተነሣ ቁጥር ስንት ቤት ተዘጋ! ወላሂ፣ ጠቋሚ እዚህ ግቢ ከገባ እኔ አልገባም። እኔ ሰው ላልጠቁም ነው ያደግሁት።

(ጸሐፊው ጣልቃ ይግባ፦ የውሻው ጥቆማ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ነው። አያ ይመር ደግሞ ከመሪ ሌላ የጨበጠው ነገር የለም። ሌባ ቢመጣ ውሻው በሦስት እግሩ ቆሞ፣ አያ ይመር በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ዶሮዋ ትሄዳለች።)

ሰላም፦ ብርዱም አለ። ፀጉራቸው አጭር ነው፤ የቪዝላማ ከሥሩ የሚያሞቅ ለስላሳ ፀጉር እንኳ የለውም። ብርድ ልብስ ውስጥ ካልገባሁ ይላል።

ዘነበች፦ የማን ብርድ ልብስ ውስጥ?

ሰይድ፦ ኮምቦልቻ ይቀመጣ! እዚያ ሙቅ ነው።

ይመር፦ እኔ ጠዋት ጠዋት ሐረጎን እየወረድኩ ላስሩጠው?

(ዘነበች ማራገቢያዋን አስቀመጠች።)

ዘነበች፦ ቆዩ እስቲ። በቀን ሁለት ሰዓት ነው ያልሽው? ሰው አብሮት ይሮጣል?

ሰላም፦ ብቻውንማ ከተለቀቀ መኪና ይበላዋል።

ዘነበች፦ ሐኪሙ ለአባትሽ ስኳር በቀን ስንት ነበር ያዘዘው?

ሰላም፦ ግማሽ ሰዓት እርምጃ።

ዘነበች፦ ስንት ቀን ሄደ?

ሰይድ፦ አንድ ቀን፣ እስከ ፒያሳ። ሲመለስ በባጃጅ።

ዘነበች፦ በቃ፣ ውሻው ይምጣ።

ይመር፦ ምንጣፉስ?

ዘነበች፦ ይታጠባል።

ይመር፦ ብርዱስ? ጋቢ የለው!

ዘነበች፦ ያንተን ይልበስ። አንተ ስትሮጥ ይሞቅሃል።

ይመር፦ ሰላም፣ ውሾች በእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ፈጁት ያልሽው የት ነበር? ቦረና ሳይንት ፓርክም አሉ አላልሽም? በመላ አገሪቱ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም አላልሽም? እኔ በዚህ በደል እጄን አላስገባም!

ሰላም፦ እሱ ሳይከተብ የሚዞረው ውሻ ነው፣ አባዬ። ይኼን እኔው አስከትበዋለሁ። ከአንተ በቀር የሚያባርረው የለም።

ይመር፦ ሰይድ፣ አንተ እንኳ አትናገርም?

ሰይድ፦ ሐኪም ካዘዘ ምን እላለሁ፣ አያ ይመር? አብሽር፣ ቡናዬን ደጅ እጠጣለሁ።

(ስልክ ጠራ። ፍራንክፈርት ነው፣ በቪዲዮ። አያ ይመር «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ተነሣ። ገንቦው ከበሩ አጠገብ ነው፤ እሱ ግን በተቃራኒው ሄደ።)

ዘነበች፦ (ወደ ስልኩ) ደህና ነን፣ የኔ ጌታ። መርጠናል። አባትህ ራሱ ይንገርህ... እንዴ፣ አሁን እዚህ አልነበረም? ሰይድ፣ ይመር የት ገባ?

(ሰይድ ቃል አልተነፈሰም። ሲኒውን እንደያዘ ከበሩ ሥር ተነሣ። አንድ እግሩን ከመሬት አጠፍ አደረገ፤ አንገቱን አሰገገ፤ አፍንጫውን ወደ ጓዳው መጋረጃ አቅንቶ እንደ ሐውልት ቆመ።)