ምሳ የማይወጣ ሠራተኛ ፍለጋ

በእኛ መሥሪያ ቤት ትልቁ ሥራ መገልበጥ ነው። ከባንክ የሒሳብ መግለጫ ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ወደ ሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ ከፒችትሪ ተመልሶ ወደ ኤክሴል፤ ከዚያ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ስካን ይደረግና በኢሜይል ይላካል። የተላከለት መሥሪያ ቤት ደግሞ አትሞ ወደ ራሱ ኤክሴል ይገለብጠዋል። የመኪና መለዋወጫ እያስመጣን ለሱቆች የምናከፋፍል ትንሽ ድርጅት ነን። ሰው ሲጠይቀኝ "ንግድ ላይ ነን" እላለሁ እንጂ፣ ውለን የምንገባው ከአንዱ መስኮት ቁጥር እያነሣን ሌላው ላይ ስንለጥፍ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ መላ የተገለጠላቸው አንድ ሥልጠና ላይ ነው። ሲመለሱ ከተሰጣቸው ቦርሳና እስክሪብቶ ጋር አንድ አዲስ ቃል ይዘው መጡ፤ "አርፒኤ"። ስብሰባ ተጠራ። "ከእንግዲህ የመገልበጡን ሥራ ሮቦት ይሠራልናል" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀድሞ እጁን ያወጣው ተላላኪያችን ነው፤ ሮቦቱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀ። ቢሮው ጠባብ ነውና ወንበሩ እንዳይወሰድበት ሠግቷል።

መቀመጫ እንደማይፈልግ የማስረዳቱ ዕዳ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ይህ ሮቦት ብረት አይደለም፤ እጅና እግርም የለውም። ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። እኛ በማውስና በኪቦርድ የምናደርገውን እሱ ራሱ ያደርገዋል፤ ፋይል ይከፍታል፣ ቁጥር ያነሣል፣ ሌላ ቦታ ይጽፋል፣ "ላክ" የሚለውን ይጫናል። "ሎው ኮድ" የሚባለው ዓይነት ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ለማያውቅ ሰው የተሠራ ነው። "ኤክሴል ክፈት"፣ "ይህን ሳጥን ሙላ"፣ "ካላገኘኸው እለፈው" የሚሉ ትእዛዞችን ከዝርዝር እየጎተትክ ትደረድራለህ፤ እሱ ከላይ ወደ ታች ይፈጽማል። አይታክተውም፣ ምሳ አይወጣም፣ ለቅሶ አይሄድም።

"ደመወዙስ?" አሉ የሒሳብ ክፍሏ እትዬ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

የማይክሮሶፍቱ የሚከፈልበት ዓይነት ለአንድ ተጠቃሚ በወር 15 ዶላር እንደሆነ ነገርኳቸው።

"በዶላር?"

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ አልሆነም። ገንዘብ ያዡ የውጭ ምንዛሬ ወረፋ ስንጠብቅ የኖርነውን ዘመን እየዘረዘረ ማስታወስ ጀመረ። ሹፌሩ "በዶላር ከሆነ እኔም ምሳ እቀራለሁ" አለ። ሮቦቱ ገና ሳይቀጠር ጠላት አፈራ። እትዬ "ጎበዜ" የሚል ስም ያወጡለት ያን ዕለት ነው፤ ለሙገሳ እንዳልሆነ ከአነጋገራቸው ያስታውቅ ነበር።

መሣሪያውን የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከሌላው የበለጠ አውቄ አይደለም፤ ስብሰባው ላይ ብዙ የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ገበያው ሰፊ ነው። ብሉ ፕሪዝም እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ተመሥርቶ የባንኮችን የጓዳ ሥራ ይዞ ያደገ ነው። ኦቶሜሽን ኤኒዌር የካሊፎርኒያ ነው። ዩአይፓዝ በ2005 ሩማንያ፣ ቡካሬስት ውስጥ ተጀምሮ በ2021 የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ገባ፤ ዋጋውም በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሆነ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው "ከመገልበጥ ይህን ያህል ይገኛል? ታዲያ እኛን ምን ነክቶን ነው?" አሉ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2020 ሶፍቶሞቲቭ የሚባል የግሪክ ኩባንያ ገዛና፣ በዓመቱ ፓወር ኦቶሜት ያለውን የዴስክቶፕ መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ላለው ሁሉ በነጻ ለቀቀው። ኮድ ለማይፈራ ሰው ከኖኪያ ቤት የወጣው ሮቦት ፍሬምዎርክ አለ፤ እሱም ነጻ ነው። እኛ ቤት ኮድ የማይፈራ አንድ የአይቲ ልጅ አለ፤ እሱም ሌላ ቦታ ሥራ እያመለከተ ስለሆነ አልቆጠርነውም።

ሻጮች እየመጡ አሳዩን። ይህ ማሳያ የሚሉት ነገር፣ የቤት ደላላ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ ቤት እንደሚያሳየው ነው። በራሳቸው ላፕቶፕ፣ በራሳቸው ደረሰኝ ላይ ነው የሚያሠሩት። ደረሰኙ ነጭ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ድምሩ ሁልጊዜ ከታች በስተቀኝ ነው። ሮቦቱ እየዘለለ አነበበው። ጋሼ አጨበጨቡ። ይህን ጊዜ እትዬ ተነሡና ከመሳቢያቸው የእኛን ደረሰኝ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

የእኛ ደረሰኝ ታሪክ አለው። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም ጽሑፉ እየገረጣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ገና ትኩስ እያለ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ይያያዛል። ፎቶ ኮፒው ተጣሞ ነው የወጣው። ጥጉ የስቴፕለር ሽቦ ሲነቀል ተቀዷል። መሐሉ ላይ አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ "ተከፍሏል" ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ከሁሉም በላይ ማኅተሙ አለ፤ ክብ፣ ሐምራዊ፣ የመታው ሰው ያለውን ጉልበት ሁሉ ያፈሰሰበት፣ ልክ ድምሩ ላይ። የሻጩ ልጅ ላቡን እየጠረገ ስካን አድርጎ ሰጠው። ሮቦቱ ትንሽ አሰበና ድምሩን ትቶ ማኅተሙ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር አነበበ። በዚህ ሒሳብ አንድ የፍሬን ሸራ ከመቶ ሚሊዮን ብር በላይ አወጣ፤ ያውም የ15 በመቶ ቫቱ ሳይታከል።

ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። ጥቅምት 30 የተከፈለውን ደመወዝ እኛ 30/02 ብለን እንጽፋለን። ለኤክሴል ሁለተኛው ወር ፌብሯሪ ነው፤ ፌብሯሪ ደግሞ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም፤ ስለዚህ ቀን መሆኑን ክዶ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። እምቢ ሲል እንኳ ደግ ነው። የሚያስፈራው እሺ ሲል ነው። ጳጉሜን 5ን 5/13 ብለህ ስትሰጠው በአሜሪካ አጻጻፍ የተሞላ ኮምፒውተር ሳያቅማማ ሜይ 13 ብሎ ይወስደዋል። መሣሪያዎቹን በምንሞክርበት ሰሞን የአይቲው ልጅ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ እያየ ለደንበኞች ማስታወሻ እንዲልክ ጎበዜን አዘዘው። ጎበዜ 2017 የሚለውን የፈረንጅ 2017 ነው ብሎ ቆጠረና ለአንድ የመርካቶ ደንበኛችን፣ ዕዳው ከ7 ዓመት በላይ እንዳለፈው የሚገልጽ እጅግ ጨዋ ደብዳቤ ላከ። ሰውየው ሱቁን ከከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ደወለ። "እትዬ፣ የአባቴ ዕዳ ከሆነ ይንገሩኝ፣ አልክድም" አለ።

የሰዓቱም ነገር ያው ነው። ጋሼ "ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ይጀምር" አሉ፤ ልጁ ቃል በቃል 2 ብሎ ሞላ፤ ጎበዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሣ። ዘበኛው በጨለማ ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የማውሱም ቀስት ያለ ሰው ሲሄድ በመስኮት አይቶ አደረ። ጠዋት ስንደርስ የመልቀቂያ ማመልከቻ አስጽፎ በር ላይ ጠበቀን።

ስለ ስም ገና አላነሣሁም። የባንኩ መግለጫ ገንዘብ ያስገባውን ሰው የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የእኛ መዝገብ በአማርኛ ነው። ፀሐይ የምትባል አንዲት ደንበኛችን፣ አንዱ በ"ፀ" ሌላው በ"ጸ"፣ አንዱ በ"ሐ" ሌላው በ"ሀ" እየጻፋት በእኛው መዝገብ አራት ሴት ሆናለች። ባንክ ስትገባ ደግሞ አንዴ በ"ቲ" አንዴ በ"ኤስ" ትጀምራለች። ገ/እግዚአብሔርማ ባይነሣ ይሻላል። ጎበዜ አንዲት ፊደል ከተለየችበት "አላውቀውም" ይላል። ያላወቃቸውን ሁሉ በዝርዝር አወጣና እትዬ ፊት ቀረበ። እትዬ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ጨረሱት። "ይኼ የባለቤትየዋ ወንድም ነው፣ በሱ ስም ነው የምታስገባው። ይኼኛው ሹፌሯ ነው። ይኼ የኛ አይደለም፣ ተሳስቶ ነው፣ ይመለስለት።" ይህ እውቀት የትም አልተጻፈም፤ እትዬ ጡረታ ሲወጡ አብሮ ጡረታ ሊወጣ የነበረ ነው። አሁን የተናገሩት ሁሉ በአንድ የኤክሴል ገጽ ሰፍሯል፤ ስሙ ከነልዩ ልዩ አጻጻፉ በግራ፣ የደንበኛው ቁጥር በቀኝ። ጎበዜ ከምንም በፊት እዚያ ያያል። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ግርግር ያተረፍነው ትልቁ ነገር ያ ገጽ ነው፤ እሱን ለመሥራት ደግሞ ሮቦት አያስፈልግም ነበር።

መረጃ የምናስገባበት አንድ ድረ ገጽ በሩ ላይ "ሮቦት አይደለሁም" የሚል ሳጥን አለው። ጎበዜ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ምን ብሎ ይጫን? እትዬ ተነሥተው ይጫኑለታል፤ ዋሱ ሆነዋል። ያን ካለፈ በኋላ የማረጋገጫ ቁጥር በጋሼ ስልክ ይመጣል። ጋሼ ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ስልካቸውን ድምፅ አጥፍተውታል። ለቅሶ የማይሄድ ሠራተኛ ስንፈልግ፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እስኪመለስ እንደሚጠብቅ ማንም አልነገረን።

አንድ ሰሞን ደግሞ ድረ ገጹ ታደሰ። አማረ፣ ቀለሙ ተለወጠ፣ "አስገባ" የሚለው ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ፤ ከውስጥ ደግሞ ስሙ ተለወጠ። ሰው ዓይኑን ወርወር አድርጎ ያገኘዋል። ሮቦት ግን ቁልፉን የሚያውቀው ገጹ ሲሠራ በተሰጠው የውስጥ መለያ ነው፤ ያ ሲቀየር ቁልፉ ዓይኑ ሥር ሆኖ አያገኘውም። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይደርሳል፤ ውድም ይሁን ነጻ።

ከዚህ በኋላ ለሻጮች የማቀርበው ጥያቄ ተለወጠ። ሲሠራ ማሳየታቸውን ተውኩትና ሲበላሽ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። የአምዱን ስም እኔ ራሴ ቀይሬ አስጀምሩት አልኳቸው። መሐል ላይ ኔትወርኩን ነቀልኩ። መብራት ሲጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከሀ ይጀምራል? ማስታወሻ መላክ ላይ ከሆነ ደንበኛው ሁለት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ክፍያ ላይ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ ከፈልክ ማለት ነው። የመጨረሻው ፈተና እትዬ ነበሩ። አንደኛው መሣሪያ ሲበላሽ በቀይ የተጻፈ ረጅም የቁጥርና የፊደል ድብልቅ አወጣ፤ ሻጩ "ለድጋፍ ክፍላችን ትልኩታላችሁ" አለ፤ ድጋፍ ክፍሉ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ሌላው ስንተኛው ትእዛዝ ላይ እንደቆመና የቱን አምድ እንዳጣ በግልጽ ተናገረ። እትዬ ወንበራቸውን ሳቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የአምዱን ስም መልሰው አስተካከሉት፤ ሠራ። ኮድ የሚባል በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ምርጫው እዚያው አለቀ።

ያ መሣሪያ ኮምፒውተራችን ላይ በነጻ የነበረው የማይክሮሶፍቱ ነው። ጉድለት አለበት፤ ነጻው በራሱ ሰዓት አይነሣም፣ የሠራኸውን ለባልደረባህ ማጋራትም አትችልም። ያለ ሰው የሚሠራውን ከፈለግህ ለአንድ ሮቦት በወር 150 ዶላር ይጠይቃል፤ ይህን ቁጥር ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ጎበዜን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሱት እትዬ ናቸው። ዘበኛውም ማመልከቻውን አንሥቷል።

አሁን ጎበዜ የባንኩን ዝርዝር ከመዝገባችን ጋር ያመሳክራል፣ ያልተከፈለውን ይለያል፣ ማስታወሻውን ያዘጋጃል፤ የሚልኩት እትዬ ናቸው፣ ዓመተ ምሕረቱን አይተው። ክፍያ አይነካም፤ ወደፊትም አይነካም። የጡረታው 7 እና 11 በመቶ ስሌት በኤክሴል ቀመር ስለሚያልቅ ለእሱ አልተሰጠም። ለሮቦቱ ልናስረክብ ያዘጋጀነው አንድ ሳምንታዊ ሪፖርት ነበር፤ ማን እንደሚያነበው ብንጠይቅ አንባቢ ጠፋ። እሱን ሥራ ጎበዜም እኛም ትተነዋል።

እንግዲህ ለመምረጥ የተነሣችሁ ካላችሁ፣ ሻጩ ሲመጣ ከመሳቢያችሁ በጣም የተጎሳቆለውን ደረሰኝ አውጥታችሁ ጠብቁት፤ በማግሥቱ ሲበላሽ የሚጠግነውን ሰው ደግሞ አጠገባችሁ አስቀምጡ። የድርጅት ማኅተም በእጃችሁ የሆነ ወገኖች ግን አንድ ልመና አለኝ፤ እባካችሁ ድምሩ ላይ አትምቱት።