ጎማ ብቻ ነው

መኪናውን ከፍ ያስደረገ ሰው በዚያ አይቆምም። ረጅም ሞላ ካስገባ በኋላ በፓራፋንጎውና በጎማው መሀል የቀረው ባዶ ቦታ እንቅልፍ ይነሳዋል። ወዳጄንም እንዲሁ ነሳው። የሃርድቶፑን 265/70R16 አውልቆ 315/75R16 አሰረና ባሌ እንውረድ አለኝ። ምን እንዳደረገበት ስጠይቀው «ጎማ ብቻ ነው» አለ።

ለነገሩ ትልቅ ጎማ የማሰሩ ክርክር ውሃ ያነሳል። ሞላ ከፍ የሚያደርገው አካሉን ነው፤ ዲፈረንሻሉ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ይቀራል። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ነው። አዲሱ ጎማ ከአሮጌው በቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ዲፈረንሻሉ ያተረፈው ግን ግማሹን ነው። የቀረው 5 ሳንቲ ሜትር ፓራፋንጎ ፍለጋ ወደ ላይ ሄዷል።

ሻሸመኔ ሳንደርስ ትራፊክ አስቆመን። ራዳሩ 90 ይላል።

«ኧረ አለቃ፣ 80 ላይ ነበርኩ! ከፈለግህ ናና እየው!» አለ ወዳጄ ዳሽቦርዱን እያሳየ። የቆመ መኪና ዳሽቦርድ የሚያሳየው ዜሮ ነው። ፖሊሱ ግን ዜሮውን ትቶ መኪናውን ዞረና ጎማው ፊት ቆመ።

«ይሄ የራሱ ነው?»

«ጎማ ብቻ ነው የቀየርኩት።»

«እሱ ነዋ!» አለና መጻፉን ቀጠለ።

እውነቱን ነው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር 13 በመቶ ያህል ተጨማሪ መንገድ ይሸፍናል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው በድሮው ስለሆነ 80 ሲል 90 እየተሄደ ነው። ለጉልበቱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማርሹ ሁሉ ይከብደዋል። ከዚያ ወዲያ አምስተኛ ማርሽ ለጌጥ ቀረ።

ከጎባ ወደ ሳነቴ ስንወጣ ሁለተኛ ማርሽም መለመን ጀመረ። አምባው 4,000 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ለሰውም ለሞተርም ይሳሳል። አንዲት ቀይ ቀበሮ ከጅብራው ስር ለአይጥ ታደባለች። ሞተሩ እያቃሰተ ሲቃረባት ቀና ብላ አየችንና ወደ አይጧ ተመለሰች። አልፈረድኩባትም።

ጉዱ የመጣው ከሳነቴ ወደ ሐረና ደን በሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነው። መጀመሪያው እጥፋት ላይ ወዳጄ መሪውን ጨርሶ ሲያዞር ከእግሬ ስር «ግርርር» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወርደን አየን። የፓራፋንጎው የውስጥ ላስቲክ ተቦጭቆ ተንጠልጥሏል፤ ጠርዙ ላይ ከጎማው የተላጠ ጥቁር ጥቅልል ተጣብቋል።

«ጋራዥ አልነካም ነበር» አለ።

እንዴት ይንካ? ጋራዥ ውስጥ ወለሉ ለጥ ያለ፣ መኪናው ባዶ ነው። እዚህ ግን ጭነት አለ፤ መታጠፊያው ላይ የውጭው ሞላ ይጨመቃል፣ ጎማውም ወደ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሌላው በአንድ ጊዜ የሚያልፈውን እጥፋት እኛ ወደ ኋላ እየመለስን፣ እየቆረጥን አለፍን። ከመንገድ ያሳፈርናቸው አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲታዘቡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጫማው ሰፋው እንዴ?» አሉ። ወዳጄ አልመለሰላቸውም።

ሪራ ላይ የተቦጨቀውን ላስቲክ በቢላ ቆርጦ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ሳለ፣ ሰውና ማዳበሪያ ከአፍ እስከ ገደፉ የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን። ሽማግሌው ዕቃቸውን አንስተው እሱን አስቆሙና ሄዱ።

እናንተም ትልቅ ጎማ ካማራችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጎማውን አሳስራችሁ መኪናውን ጫኑት፤ አንዱን የፊት እግር ድንጋይ ላይ አውጡና መሪውን በግራም በቀኝም ጨርሳችሁ አዙሩ። ከነካ ይቅርባችሁ። ካልነካ አምስት ግዙ፤ የወዳጄ መለዋወጫ ጎማ እስካሁን የድሮው ነው።