የድግግሞሽ ኬላ ማቋቋሚያ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ፉጨትና ሲሲታ ወደ ዎፈሩ አምፕሊፋየር ሰርጎ እየገባ ቤዝ ጊታሩን አላሰማ ስላለ፣ የሰርኪዩት ቦርዱ ሹማምንት ተሰብስበው የሚከተለውን አውጀዋል።

አንቀጽ 1። ከ1000 ሄርዝ በላይ የሆነ ድግግሞሽ ሁሉ በዚህ ኬላ ማለፍ ተከልክሏል። ኬላውን የሚጠብቁት ባለ 1.6 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ናቸው። ሬዚስተሩ መንገደኛን አይመርጥም፤ ሁሉንም እኩል ያጉላላል። ካፓሲተሩ ግን ያዳላል፦ ዝግ ብሎ የመጣውን እንዳላየ ሆኖ ያሳልፋል፣ ችኩሉን በጓሮ በር ወደ ግራውንድ ይሸኛል።

አንቀጽ 2። በአንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ ኬላው ተዳፋት እንጂ አጥር የለውም። ልክ 1000 ሄርዝ ላይ የቆመ ድግግሞሽ የኃይሉን ግማሽ ከፍሎ ያልፋል፤ ያውም ከዑደቱ አንድ ስምንተኛ ያህል ዘግይቶ። (ከአንዳንድ ቢሮዎች አንጻር ፈጣን አገልግሎት ነው።) 10000 ሄርዝ የሆነው ደግሞ ቮልቴጁ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ጠበቅ ያለ ኬላ የሚሻ ሹም ሬዚስተርና ካፓሲተር ይደርብ፤ ወጪውን ራሱ ይቻል።

አንቀጽ 3። ከሶኬቱ የሚመጣው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይኸው 50 ሄርዝ ማንም ሳይጠራው በሆስፒታል ደግሞ በታካሚው አካልና በሽቦዎቹ በኩል የልብን ምት ወደሚመዘግበው ኢሲጂ መሣሪያ እየገባ የልብን መስመር ስለሚያንቀጠቅጥ፣ እሱን ብቻ ለይቶ የሚያስቀር ኖች የተባለ ልዩ ኬላ ተቋቁሟል። በዚሁ ጉዳይ ልብ አቤቱታ አቅርባለች፦ «በየምቴ የምሥለው ሹል ጫፍ ውስጥ እዚያው 50 አካባቢ ያለ የራሴ ድርሻ አለ። የቤት ልጅ ነኝ፤ ከባዕድ ጋር አብሬ ለምን እባረራለሁ?» ኬላው ቁጥር እንጂ ትውልድ ስለማይጠይቅ አቤቱታው ውድቅ ተደርጓል። ቅሬታ ያለው ሐኪም ኖቹን አጥፍቶ መስመሩን እንደገና ማንሳት ይችላል፤ የሚንቀጠቀጠውንም እንዳመጣጡ ይቀበል።

አንቀጽ 4። ጆሮን በጥጥ መድፈንን ጨምሮ ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ልማድ ተሽሯል።

አንቀጽ 5። የካፓሲተሩ አቅም ከተጻፈበት እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ ስለሚችል፣ ድንበሩ 900 ነው 1100 ነው እያለ የሚካሰስ አይሰማም። አዋጁ ማብሪያው ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ የጸና ይሆናል።