ነገረ ሰላጣ

በወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ በአቀስታ ከተማ የበግ ጥብስ ሲቀርብ ከትሪው ዳር ተጠግታ የምትቀመጠው፣ በቀጭኑ ተከትፋ፣ በጨው ታሽታ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተጨምሮባት በዘይትና በአቼቶ የምትለወሰው የጥቅል ጎመን ሰላጣ፣ ስለ በጉ ላትና ስለ አዋዜው ይህን ያህል ሲወራ ስለ እርሷ አንድ ምዕራፍ እንኳ ሳይጻፍላት መቅረቷ ለሊቃውንቱ ነቀፋ ስለሆነ፣ እነሆ ይህን አጭር ሐተታ ለማቅረብ ተገደድን።

ሰላጣ ስለምን ከጥብስ አጠገብ ተቀመጠች ቢሉ፣ የሥጋው ስብ እንዳይሰለች ኮምጣጣነቷ ይቆርጠዋልና። አንድም፣ ጥብሱ እስኪደርስ የተራበ ሰው እጁ ሥራ እንዳይፈታ። አንድም፣ የሥጋው ማነስ እንዳይታወቅ። ይህን ሦስተኛውን ትርጓሜ የምግብ ቤት ባለቤቶች አይቀበሉትም፤ የትሪው ስፋት ግን ይመሰክርበታል።

ስለ ማኮምጠጫዋ ሁለት ወገን አለ። የቆላው ሰው በሎሚ ይጸናል፤ የአቀስታ ብርድ ግን ሎሚ አያበቅልምና ደገኛው በጠርሙስ ተጭኖ በሚመጣው አቼቶ ያምናል። ከባሕር ማዶም ምስክር አይታጣም። ሮማዊው ካቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ምእት ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ በግብዣ ብዙ ሊጠጣ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጥሬ ጎመን በአቼቶ ይብላ ብሎ አዟል፤ በእኛ ዘንድ ሥርዐቱ ሳይጓደል ይፈጸማል፣ መጠጡ መቅደሙ ብቻ ነው። በአሜሪካም በሰሜን ካሮላይና፣ ሌክሲንግተን በሚባል ከተማ፣ ጎመኑን በአቼቶ፣ በካቻፕና በቀይ በርበሬ አቅልተው ከዐሣማ ትከሻ ጥብስ ጋር ያቀርቡታል። እዚህ ላይ የአቀስታ ሰው፣ ቄስም ይሁን ሼህ፣ ጎመኑን ተቀብሎ ሥጋውን ከነምስጋናው ይመልሳል።

የሰላጣ ክብር ከዘመን አቆጣጠር ጋር ይወጣል ይወርዳል። በዐቢይ ጾም፣ 55 ቀን ሙሉ፣ ሥጋ ከሥልጣኑ ሲሻር እርሷ ከምስሩና ከሽሮው ጋር በበያይነቱ ላይ ትሾማለች፤ አስተናጋጁም ስሟን ለብቻው ይጠራል። ፋሲካ በገባ ማግሥት ተሽራ ወደ ትሪው ዳር ትመለሳለች፤ በዓለ ሃምሳም ረቡዕና ዐርብ ስለማይጾምበት እስከ ጰራቅሊጦስ ይግባኝ የምትልበት ቀን የላትም። ከሰባቱ አጽዋማት ጋር ይህን ያህል የተቆራኘ ባለሥልጣን በሌላ መሥሪያ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በሃይማኖት ረገድ ጉዳይዋ ቀላል ነው። በወሎ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ ባልንጀሮች ለምሳ ሲገናኙም እያንዳንዱ የወገኑን ሥጋ ይበላል። ጎመን ግን ባርኮ የሚያርዳት አትሻም፤ የከተፋት ሰው በስመ አብ ይበል ቢስሚላህ ጠይቆ የሚያውቅ ስለሌለ ለሁለቱም ወገን አንዲት ሳህን ትበቃለች።

አንድ ክርክር ገና አልተዘጋም፤ ከሳህኑ ሥር የሚጠራቀመው፣ አቼቶ፣ ዘይትና የቃሪያ ፍሬ የተቀላቀለበት መረቅ የማን ነው? አንዳንዶች በዕድሜ ለሚበልጠው ይገባል ይላሉ፤ ሌሎች የመጨረሻው ቁራሽ እንጀራ በእጁ ለቀረው ይፈርዳሉ። እኔ ሒሳብ ለሚከፍለው ይሁን ባይ ነኝ፤ ይህን ባልኩ ቁጥርም መረቁን የሚሻ ይጠፋል።