ብርቅ ስም፦ ስለ «ሐሤት» ስርጭት፣ አጻጻፍና አነባበብ የተደረገ ጥናት

መነሻ

እህቴ ሴት ልጅ ስትወልድ ቤተሰቡ የተስማማው በአንድ ነገር ነበር፤ ስሟ ማንም ያላወጣው ይሁን። ምክክሩ እስከ ክርስትናዋ፣ ማለትም እስከ 80ኛው ቀን ዘለቀ። እናቴ «ደስታ በሏት» ብላ ነበር፤ ያረጀ ስም ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። በመጨረሻ «ሐሤት» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በዘጠኝ ወሯ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ስትወሰድ ነርሷ «ሐሤት!» ብላ ተጣራች። ሦስት እናቶች ብድግ አሉ። ይህ ጥናት ለአንዲት ልጅ ብቻ የወጣ ስም እንዴት ሦስት እናት ሊያስነሣ እንደቻለ ይመረምራል።

ትርጉም

ቃሉ ግእዝ ነው። ማመሳከር የፈለገ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ያገላብጥ፤ ሆኖም መጽሐፉ በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ ስለተደረደረ፣ አንባቢው ሐ ጋ እስኪደርስ ልጅቱ ዳዴ ልትል ትችላለች። ትርጉሙ «ደስታ» ነው። ይህ ሲነገራት እናቴ «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አለች። ጥያቄው ከጥናቱ ወሰን ውጪ በመሆኑ አልተመለሰም።

ስርጭት

በቀድሞው ዘመን የሴት ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። «በላይነሽ»፣ «ማንጠግቦሽ»፣ «አስናቀች»። አስናቀች ሲባል የተናቀው ማን እንደሆነ ጎረቤት አይጠፋውም። የዛሬ ወላጅ ግን ጎረቤት የማይገባውን ይሻል። ስለዚህ ወደ ግእዝ ይወርድና ብሌንን፣ ኖላዊትን ወይም ሐሤትን ይዞ ይመለሳል። ችግሩ ምንጩ አንድ መሆኑ ነው፤ ብርቅ ስም ሊቀዳ የወረደ ሁሉ ሌላው ቀድሞት እንስራውን ሲሞላ ያገኘዋል።

አጻጻፍ

ብርቅነቱ የተረፈው በአጻጻፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ እና በኃ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሴ እና በሤ። ስድስት በሁለት ሲባዛ 12። አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። ሊቃውንቱ ትክክሉ በሐመሩ ሐ እና በንጉሡ ሠ ነው ይላሉ፤ ወላጅ ግን ሌላም የሚያስበው አለ። በ33ቱ የፊደል ተራ ሃሌታው ሀ 1ኛ፣ ሐመሩ ሐ 3ኛ፣ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ 13ኛ ነው። በሀ የተጻፈች ተማሪ ስም ሲጠራም፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲወጣም ቀዳሚ ናት። በኀ የተጻፈችው የቤት ሥራዋን ከጓደኛዋ ለመቅዳት በቂ ጊዜ ታገኛለች። ወላጆች ይህን እንዲያጤኑ ይመከራል።

አነባበብ

አሳሳቢው ግኝት እዚህ ላይ ነው። «ሐሰት» ማለት ውሸት ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ውሸትን በእሳቱ ሰ፣ ደስታን በንጉሡ ሠ ስለሚጽፍ ሁለቱ አይነካኩም ነበር። ዛሬ ሁሉም በእሳቱ ሲጻፍ ደስታን ከውሸት የምትለየው ከ«ሴ» ቀኝ እግር ሥር ያለች አንዲት ቀለበት ብቻ ናት። የክትባት ካርዱን የሞላው እጅ ቀለበቷን ረስቷት ኖሮ፣ እስኪታረም ድረስ ልጅቱ በሐሰት ተከትባለች።

በላቲን ፊደል ደግሞ ቀለበቷም የለችም፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ይሆናሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልደው ያደጉት የአክስቷ ልጆች ስሟን ያወቁት በዚያው ፊደል ነው። በቪዲዮ ሲደውሉ «ሐሰት! እንወድሻለን!» ይላሉ። እናቴ ግልጽነታቸውን አመስግናለች።

ማጠቃለያ

በ15ኛ ወሯ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የወሰደቻት እናቴ ናት። ነርሷ «ሐሤት!» አለች፤ የተነሡት አራት ሆነዋል። ልጅቱ በዚህ መሐል እየተውተረተረች ወደ በሩ ስታመራ፣ እናቴ ከተቀመጠችበት «ደስታ!» ብላ ተጣራች።

ከዚያ ሁሉ ልጅ ዞር ያለችው አንዲት ብቻ ናት።