አሥራ ሦስት ሰዓት «ብቻ»

የዘንድሮ ልጅ ርቀት ሲጠየቅ ሰዓት ይናገራል። «ዋሽንግተን ምን ያህል ይርቃል?» ብትለው «አሥራ ሦስት ሰዓት ብቻ!» ይልሃል። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን በረሃና ባሕር «ብቻ» ተብሎ ታለፈ።

እሺ ይሁን። ግን አሥራ ሦስቱ የመመለሻው ነው። ሲኬድ ሌላ ነው፤ ይህን ማን ይነግርሃል? ከዚያ ሲነሣ ሳያርፍ የሚመጣው አውሮፕላን ከዚህ ሲነሣ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። ለዓመታት አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ሲወርድ ነበር። ምነው ብል፣ የልጅ ልጄ ጥፋቱን በአዲስ አበባ ላይ ጣለው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉን በደንብ አያነሣም፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሣት አይሆንለትም። የእነሱ ዳለስ አየር ማረፊያ ከፍታው ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚበቃውን ጭኖ ይነሣል። ይታያችሁ! ወባ የሌለበት ደጋ መኖር ወንጀል ሆነ። ደግነቱ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው ከእንጦጦ አወረዱን። እዚያው ቀርተን ቢሆን ኖሮ ይሄ አውሮፕላን ገና ሱሉልታ ላይ ነዳጅ ፍለጋ ይወርድ ነበር።

ነፋሱም ያዳላል። ከላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ተመላሹን ከኋላ ይገፋል፣ ሂያጁን ፊት ለፊት ይገጥማል። እንኳን ቪዛው፣ ነፋሱም አሜሪካ መሄዳችንን አይወድም።

የሰዓታቸው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በክረምት ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ ጥቅምት ሲያልቅ 8 ይሆናል። አገሩ ሸሽቶ አይደለም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ነው። ይህን ያህል ሀብታም ሕዝብ አንድ ሰዓት ላይ መርጋት እንዴት ያቅተዋል? እኛ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ ሰዓት እንላለን፤ አለቀ።

ደጃዝማች ናደው ከነከንቲባ ገብሩ ጋር በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ያገኙት በመርከብ ተጉዘው ነው። መርከብ ቢያንስ እግር ያስዘረጋል፤ ሰውነትም ከአገሩ ሰዓት ጋር ቀስ እያለ ይላመዳል። እኛ ግን ማታ ተሳፍረን፣ ጉልበታችንን አጥፈን ያን ሁሉ አድረን ስንወርድ ገና ጠዋት ነው። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እየጣለህ «አባዬ፣ ደከመህ እንዴ?» ትባላለህ።

አሁን ልጄ ትኬት ልትቆርጥልኝ ነው። «አባዬ፣ መስኮት ዳር ልያዝልህ? ደመናውን ታያለህ» ትለኛለች። የምን ደመና! ሐምሌ ላይ ደጄ ድረስ ይመጣ የለ? መተላለፊያው ዳር፣ ለመጸዳጃ ቤቱ የሚቀርበውን ያዢልኝ አልኳት። ሳቀች። ምን ያስቃል? በዚህ ዕድሜዬ ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው ጉልበት እየተሻገርኩ ልውጣ?